የተሰፉት ኪሶች

ስፌት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥቶ በሩን የገፋ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የስፌት መኪኖቹ ጩኸት ነው፤ ጆሮው ጩኸቱን ሲለምድ ደግሞ ከውስጡ የአንድ ሰው ድምፅ ይሰማል። ሰውዬው መስኮቱ አጠገብ ከፍ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያነባል። ሰፊዎቹ ከየደሞዛቸው እያዋጡ ነው የሚያስነብቡት፤ እጃቸው ሲሠራ ጆሯቸው ሥራ ፈት እንዳይሆን። ጋዜጣም ይሁን ልብ ወለድ፣ የሩቅ አገር ወሬም ይሁን የጎረቤት፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ እዚያ ቤት ይገባል።

ንባቡ ሕግ አለው። የትም አልተጻፈም፣ ግን ማንም አይጥሰውም። ንባቡ ከጣማቸው ድምፁ እንዲሰማ ፔዳሉን ቀስ አድርገው ይረግጡታል። ካልጣማቸው አፉን የሚከፍት የለም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፔዳሉን ይጫኑታል፣ ቤቱ ይናወጣል፣ አንባቢውም መጽሐፉን ዘግቶ ሌላ ያነሳል። ቅሬታ የለ፣ ኩርፊያ የለ። "መኪናው ተናገረ" ይባላል፣ በቃ። ስንቱ ስመ ጥር ደራሲ ሁለት ገጽ ሳይሞላ እዚያ ቤት ተዘግቷል! አንድ ነገር ብቻ አይደረግም፤ መኪና አይቆምም። የሚከፈላቸው በሰፉት ልክ ነውና፣ ንባቡ ማር ቢሆን እንኳ መኪናው ቀስ ይላል እንጂ ቆሞ አያውቅም።

አንባቢው ጋሽ አንባቢ ነው የሚባለው። ሌላ ስም እንዳለው የሚያስታውስ ሰው ካለ ደሞዝ የሚከፍለው ቢሮ ብቻ ነው፤ ለሱ የሚከፍሉት ግን ሰፊዎቹ ስለሆኑ ቢሮውም አያውቀውም። ጥቁር ፀጉር ይዞ በርጩማዋ ላይ ወጥቶ እዚያው ሸበተ። አንዲት ሴት ልጁ ያደገችው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው፤ የወደቀ ቁልፍ እየለቀመች፣ አባቷ አንብቦ በጣላቸው ጋዜጦች ላይ ፊደል እየለየች። ያቺ ልጅ ተማረች፣ ተማረች፣ ተማረች፣ በመጨረሻ የታሪክ ዶክተር ሆና አረፈችው። ሰፊዎቹ "የኛ ዶክተር" ይሏታል። አንዳንዶቹ ሲያገኟት ስለ ወገብ ሕመማቸው ይነግሯታል፤ እሷም ማስረዳት ታክቷት "ሙቅ ውሃ ያዢበት" ብላ ታልፋለች።

ታዲያ አንድ ሰሞን የጋሽ አንባቢ ድምፅ ይሻክር ጀመር። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ አቧራ ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ቁርጡን ነገረው። ማንቁርቱ ላይ መጥፎ እብጠት አለ፣ መውጣት አለበት፤ ነፍሱ ትተርፋለች፣ ድምፁ ግን አይተርፍም። ቀዶ ሕክምናው ለሚቀጥለው ሰኞ ተቀጠረ። ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። እሱ ወደ እሷ ዞሮ "እንግዲያው ይኼ ሳምንት አለኝ" አለ። "ያንቺን መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ።"

መጽሐፏ! ስለ መጽሐፏ ትንሽ መናገር ግድ ነው። ዓመታት ፈጅታ የጻፈችው ወፍራም መጽሐፍ ነው። የሚያወራው በዚያው ፎቅ፣ በዚያው ወለል ላይ፣ አያቶቻችን ልጆች በነበሩበት ዘመን ይሠሩ ስለነበሩ ሰፊ ሴቶች ነው። አርእስቱ ግን "በስፌት ኢንዱስትሪ ውስጥ የሠራተኛ ንቃተ ኅሊና አመሠራረት፦ መዋቅራዊ ትንታኔ" ይላል። አርእስቱን አንብቦ የጨረሰ ሰው ውሃ ይጠማዋል። ከመረመሯት መምህራን ሌላ ያነበበው የለም፤ እነሱም ምን ያህሉን እንዳነበቡት እግዜር ይወቀው። ወንድሟ አንዱን ቅጂ ከሚወዛወዝ አልጋው እግር ሥር ሸጉጦታል። "መጽሐፍ ማለት እንዲህ ነው፣ ሰው ይሸከማል" ይላታል። እሷም ትስቃለች፤ ከአንገት በላይ።

ማክሰኞ ጠዋት ልትሰማ ሄደች። በር አጠገብ የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ ኮሌታ የምትሰፋው አለች። ቀጥላ እጅጌ የምትገጥመው፣ አንደበቷ ስለማያርፍ "ምላሴ" የሚሏት፣ ሆዷ ገፋ ያለ እርጉዝ አለች። ከዚያ ኪስ የምትሰፋው፣ ከዚያ ቁልፍ የምትተክለው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፋ የምትተኩሰው አሮጊት፣ እማማ ካውያ። ሌሎቹም በሥራቸው ነው የሚጠሩት፤ ኮሌታዋ፣ ኪሷ፣ ቁልፏ ይባላሉ። ከጋሽ አንባቢ ሌላ ወንድ ቢኖር ቆራጩ ብቻ ነው። ካቦው ታች ቢሮው ውስጥ ነው፤ የመኪናውን ድምፅ እየሰማ ሥራ መሠራቱን ያውቃል።

ጋሽ አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ "የልጄ ነው" አለ። እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት ልጁን አንገቷን አስደፋት። ሁሉም ፔዳሉን ቀነሱለት። እሱም ጀመረ። "በወቅቱ የነበረው የምርት ግንኙነት፣ ከቁጥጥር ሥርዓቱ መዋቅራዊ ባሕርይ ጋር ተያይዞ ሲታይ፣ የተቃርኖዎችን መካረር ቅድመ ሁኔታ..."

ሰፊዎቹ በትዕግሥት ያዙት። ለጋሽ አንባቢ ሲሉ አንድ ገጽ ቻሉ፣ ለልጁ ሲሉ ሌላ ገጽ ቻሉ። ሦስተኛው ላይ የምላሴ እግር እምቢ አለ። ፔዳሉን ተጫነችው። ኮሌታዋ ተከተለች፣ ኪሷ ተከተለች፣ ቤቱ ተናወጠ። መኪናው ተናገረ።

ይኼን ጊዜ መጽሐፉ መዘጋት ነበረበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ግን አልዘጋም። ድምፁን ከፍ አደረገ። ሴቶቹ ያልሰማቸው መስሏቸው ጨመሩ፣ እሱም ጨመረ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ያ የታመመ ጉሮሮ እየተሰነጠቀ "መዋቅራዊ፣ መዋቅራዊ" እያለ ከብረት ጋር ግብግብ ገጠመ። በመጨረሻ ሳል ያዘው። ያኔ ነገሩ ገባቸውና አንድ በአንድ ፔዳላቸውን አቀዘቀዙት። ጣቃው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጩኸቱን ችላው ነበር፤ ይኼን የርኅራኄ ጸጥታ ግን መቻል አቃታት። በዚያ ቤት ውስጥ ታዝኖላቸው የተሰሙት የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሷ ነበሩ።

ቤት ሲደርሱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገና ሳይቀመጡ ተናገረችው። "ለምን አልዘጋኸውም? ሕጉን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?"

"የሰው መጽሐፍ ቢሆን እዘጋዋለሁ" አለ፤ ድምፁ ሰልሏል። "ያንቺን ግን እጄ እምቢ አለኝ።"

"አባዬ፣ መጽሐፉ እኮ ለነሱ አልተጻፈም።"

"ስለ ማን ነው የተጻፈው?"

"ስለነሱ። ማለቴ ከነሱ በፊት እዚያ ስለነበሩት።"

"ልጄ፣ ስለ ሰው እያወሩ ያው ሰው እንዳይሰማ ማድረግ እኛ ሠፈር ሐሜት ነው የሚባለው።"

ተናደደች፤ ለምን አትናደድ? ዓመታት የለፋችበትን ሥራ ሐሜት ሲላት! መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ወረወረችው። ትንሽ ቆይታ፣ በንዴት፣ መጽሐፏን አንስታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ እሱ ስላልቻለበት ነው ብላ እኮ ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ትንፋሿ አለቀ። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም አለቀ። እንጨት እንጨት ይላል። ማን ነበር "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል" ያለው? አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ብቻዋን ሳቀች። ሲበቃት ባዶ ወረቀት ሳበች።

ነገሩ እኮ ራሱ ቆንጆ ነበር፣ እናንተዬ! በዚያ ዘመን የስፌት ቤቱ ባለቤት ክር ተሰረቀብኝ ብሎ ሴቶቹ ማታ ሲወጡ ደረጃው ሥር ተሰልፈው ኪሳቸውን እንዲገለብጡ አዘዘ። ፈታሾቹ ጥበቃዎቹ ነበሩ፤ እየሳቁ፣ እየተሳለቁ። ሴቶቹ አቤት አሉ፣ የሚሰማ ጠፋ። በወሩ ለነዚያው ጥበቃዎች ካፖርት ይሰፋ ተባለ። ሰፉት። ቆንጆ አድርገው ሰፉት፤ የያንዳንዱን ካፖርት ኪስ ግን አፉን በድርብ ክር ደፍነው። ባለቤቱ አብዶ ሴቶቹን አሰለፋቸው። "ማን ናት? የጀመረችውን ስሟን ብቻ ንገሩኝ፣ ሌሎቻችሁ ወደ ሥራችሁ ትመለሳላችሁ" አለ። ሳምንት ሙሉ ውጭ አስቀርቶ በሩን ዘግቶባቸው ጠየቀ። አንድ ስም አላገኘም። ሌላ የሚሰፋለት ቢያጣ ፍተሻውን አስቀርቶ መለሳቸው። ይኼ ሁሉ ነገር በመጽሐፏ ውስጥ አለ፤ "የተቃውሞ ቅርጾች" በሚለው ምዕራፍ፣ ከሠንጠረዡ በታች።

ታዲያ አሁን ስትጽፈው አንድ ነገር ጎደላት። ጀግና የለውም። ጀግና የሌለው ታሪክ ማን ይሰማል? ብላ አሰበችና አንዲት ሴት ፈጠረች። ረጅም፣ ዓይነ ግቡ፣ የምትፈራው ነገር የሌለ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስወጣቻት፣ ንግግር አስደረገቻት፣ መርፌዋን ወደ ላይ አስነሳቻት። ኀሙስ ዕለት ወረቀቱን ለአባቷ ሰጠችው፤ አባቷም ሌሊት ባረፈ ድምፁ አነበበው።

ምን ልበላችሁ! መኪናው አንሾካሾከ። ቆራጩ መቀሱን ይዞ ፈዘዘ። ምላሴ ቃል ሳይወጣት ሙሉ እጅጌ ገጠመች፣ ይኼም በስፌት ቤቱ ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም። ጀግናዋ ጠረጴዛው ላይ ስትወጣ እማማ ካውያ "እሰይ የኔ አንበሳ!" አለች። ንባቡ ለዕለቱ ሲያበቃ ምላሴ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"በሞቴ፣ ማን ትባላለች? ይኼ ያረገዝኩት ሴት ከሆነች በሷ ስም ነው የምጠራት። ስሟን ንገሪን!"

"አዎ፣ ስሟን ብቻ ንገሪን" አሉ ሌሎቹም።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ስም መፍጠር ምን ይከብዳል? ምላሷ ጫፍ ላይ አንድ ያማረ ስም መጥቶ ነበር። ድንገት ግን ክው አለች። ስሟን ብቻ ንገሩኝ። ይኼን ቃል ታውቀዋለች። ባለቤቱ ዳኛ ፊት ቀርቦ የሰጠውን ቃል ከድሮው መዝገብ ላይ በገዛ እጇ ገልብጣዋለች። አርባ የሚሆኑ ሴቶች፣ የሚያጠቡ ነበሩባቸው፣ የታመመ ባል ያላቸው ነበሩባቸው፣ ሳምንት ሙሉ ጾማቸውን እያደሩ ያልሰጡትን ስም፣ እሷ እዚህ ቆማ ልትሰጥ ነው። ያውም ማንም ሳያስገድዳት፣ ጨዋታው እንዲያምር ብላ።

"ነገ... ቅዳሜ እነግራችኋለሁ" አለችና ወጣች።

አባቷ ደረጃው ላይ ደረሰባት። አንድ እጁ መደገፊያው ላይ ነው።

"ጣፍጧል" አላት።

"ግን?"

"ግን አልኩ እንዴ?"

"ፊትህ ብሏል።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። "እኔ ሞቅ ያለ ውሸት ብዙ አንብቤላቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል" አለ ቀስ ብሎ። "ሳነበው ግን ልብ ወለድ ነው ብዬ ነው። ያንቺን 'የሆነ ነው' ብዬ አንብቤላቸው ልሂድ? የመጨረሻዬን?"

"አታነበውም። አጠፋዋለሁ። አባዬ፣ ሰውዬው ሲለምን ከርሞ ያጣውን ስም እኔ በነጻ ላቀብለው ነበር እኮ!"

ጋሽ አንባቢ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዓርብ ድምፁን ያሳርፋል፤ የቀረው አንድ ንባብ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል፤ ሰኞ ቢላዋ ነው። አንዱን ብትጽፈው መኪናው ይጮኻል፣ ሌላውን ብትጽፈው ሴቶቹን ትሸጣለች። የአባቷ ድምፅ ደግሞ እሷ መላ እስክትመታ የሚጠብቅ አይደለም።

"ማን አድርጎት ነው ልበል? 'ሁሉም' ማለት ማንም ማለት እኮ ነው። ሁሉም የሚባል ሰው ፊት የለው፣ እጅ የለው" አለች።

በሩ ክፍት ነበርና ከተቀመጡበት ሆነው ውስጡ ይታያል። ኮሌታ ሰፊዋ ኮሌታውን ጨርሳ ልብሱን ወደ ምላሴ ወረወረችው። ምላሴ እጅጌውን ገጥማ ወደ ኪሷ ገፋችው። ኪሷ ወደ ቁልፏ፣ ቁልፏ ወደ እማማ ካውያ። ልጅቷ ይኼን ነገር ከመቁረጫው ሥር ሆና ከማደጓ የተነሳ ልብ ብላ አይታው አታውቅም ማለት ይቻላል። አንዱ ልብስ ሄዶ ሌላው ሲከተል አየች። አየችና "አባዬ፣ ቤት እንሂድ" አለች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጻፈች። አባቷን እንዳይናገር ከልክላው ስለነበር ውሃ ሲፈልግ ብርጭቆ ያንኳኳል። ወንድሟ ብቅ ብሎ "ይኼኛው ቀጭን ነው፣ ለአልጋ አይሆንም" አላት። እሷም "እንኳን!" አለችው።

ቅዳሜ ሆነ። ጋሽ አንባቢ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በርጩማው ላይ ወጣ። ሰፊዎቹ ሰኞ ምን እንደሚሆን ሰምተዋልና ዓይኑን ላለማየት ሥራቸው ላይ አቀርቅረዋል። እሱም ያለ መግቢያ ጀመረ።

"ይኼ ደረጃ፣ ዛሬ ጠዋት የወጣችሁበት፣ ሥሩ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነበር። ማታ ማታ ሴቶቹ እዚያ ይሰለፉና ኪሳቸውን ይገለብጡ ነበር። ክር ነበር የሚፈለገው። የተገኘው ግን ይኼ ነው። የተቆረሰ ዳቦ። የባል ፎቶ። አንዷ ኪስ ውስጥ የልጇ የወተት ጥርስ ተገኘ፤ ጥበቃው ወደ መብራቱ አንስቶ አየውና ለጓደኞቹ አሳያቸው።"

መኪናው ቀስ አለ። ምላሴ አፏን መያዝ አቃታት። "ለካ! እዚህ ከመምጣቴ በፊት የነበርኩበት ስፌት ቤት እስከ ጡት ማስያዣችን ነበር የሚፈትሹን። እዚህ ለምን አይፈትሹም እያልኩ ስንቴ ገርሞኛል! ማን አስቀረው ብዬ ጠይቄ አላውቅም እኮ።"

"ዝም በይና እንስማው" አለቻት እማማ ካውያ።

ጋሽ አንባቢ በንባቡ የካፖርቱን ጨርቅ አስቆረጠ፣ ወፍራም፣ ግራጫ፣ እጅ የሚያደክም። "ከዚያም ጨርቁ ወደ ኮሌታዋ መጣ" ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበ፤ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ሞከረ፣ ሹክሹክታ ብቻ ወጣ። ልጁ ብድግ ብላ ወረቀቱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ራሱን ነቀነቀ። ከበርጩማው ወርዶ ወረቀቱን በኮሌታ ሰፊዋ መኪና ላይ አኖረው፣ በጣቱም ቦታውን አሳያት።

ኮሌታ ሰፊዋ ላብ አጠመቃት። "እኔ? ኧረ ጋሼ!" ግን እሱ አልሄደላትም። ለማንበብ እጇን ከጨርቁ አነሳች፣ እግሯም ከፔዳሉ ተነሳ። ጣቷን እያስኬደች፣ እየተደናቀፈች አነበበች። "ኮሌታዋ ኮሌታውን ጨረሰች። ኪሱ እንደሚሰፋ ታውቃለች። ለጎረቤቷ ምንም አላለቻትም፤ ካፖርቱን ስታቀብላት ግን ኪሱን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።" ጨርሳ ወረቀቱን ለምላሴ አቀበለቻት። ወደ ሥራዋ መመለስ ነበረባት፤ ምላሴ የምታነበውን ላለማጣት ግን እግሯን አንስታ ቀረች።

ምላሴ አነበበች፤ መኪናዋ ቆመ፣ አልተመለሰም። ኪስ ሰፊዋ ተራዋ ደረሰ። "ድርብ ክር አስገባች" ብላ አነበበችና ቀና አለች። "ድርብ ከሆነማ መፍታቱ መከራ ነው። አዋቂዎች ናቸው!" ሳቁ። የሷም መኪና ቆመ። ቁልፏ አነበበች፣ ቆመ። ወረቀቱ ሲዞር ጩኸቱ ከኋላው እየሞተ ሄደ፤ ማንም ግን ልብ አላለውም፣ ሁሉም የቀጣይዋን አፍ ነው የሚያየው።

እማማ ካውያ ጋ ሲደርስ ልጅቷ ደነገጠች። አሮጊቷ ፊደል እንደማትለይ እንዴት ረሳችው! እማማ ካውያ ግን ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስደገፈችው።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አለች። "ግን እዚህ ጋ ምን ሊባል ነው? ካፖርቱ መጣ። ሳስተኛው ኪሱ አለመከፈቱን እጄ ነገረኝ። ብናገር እኔ ነጻ ነኝ፣ የሰፋሁት እኔ አይደለሁማ። ካውያዬን አነሳሁና አሳምሬ ተኮስኩት።"

ልጅቷ የጻፈችው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የአሮጊቷ ግን ይሻላል። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። በዚያ ዘመን የነበሩት ሴቶች የዚህ ቤት ሰዎች ሆኑ፤ በወፍራሙ መጽሐፍ ሙሉ ያላገኘችው ነገር እሱ ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ወደ ጋሽ አንባቢ ተመለሰ። ወደ በርጩማው ወጣ። የቀረው ድምፅ ትንፋሽ ነው እንጂ ድምፅ አይባልም፤ ቤቱ ጸጥ ስላለ ግን እስከ ግድግዳው ድረስ ተሰማ። ቀዝቃዛ ጠዋት ጥበቃዎቹ አዲሱን ካፖርት ለብሰው ተሰለፉ አለ። እጃቸውን ከኪስ ሊከቱ ጎናቸውን ሲደባብሱ፣ ሰልፉ በሙሉ ራሱን ሲያክ ዋለ አለ። ቆራጩ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። አባቷ እስኪበቃቸው ጠበቀና ቀጠለ።

"ባለቤቱ በዚያ በር ገባ። እዚህ ወለል ላይ ቆመ። እንዲህ ሲልም ጠየቃቸው..."

ከዚያ በኋላ አልወጣለትም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አንገቱ ተገታተረ፣ ምንም የለም። ልጁ እኔን አለች በልቧ፣ እኔን አባቴን። ሁሉም ይጠብቃል፤ መርፌ ቢወድቅ ይሰማል።

ታች ቢሮው ውስጥ ካቦው ዓመታት ሙሉ ሰምቶ የማያውቀውን ነገር ሰማ፤ ጸጥታ። መብራት ያልጠፋ፣ ሰዓት ያልደረሰ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጥቶ በሩን በረገደው፣ ወለሉ መሐል ላይ ቆመ።

"ማን ናት?" ብሎ ጮኸ። "ማን ናት መኪና ያስቆመችው?"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም ሳይቀድማት የምትናገረው ምላሴ ዛሬ አልቀደመችም፤ ዞራ ኮሌታዋን አየች፣ ኮሌታዋ ኪሷን፣ ኪሷ ቁልፏን። እማማ ካውያ ካውያዋን ማረፊያው ላይ አኖረች።

"እኛ ነን" አሉ።

ካቦው አንዷን ከሌላዋ ለመለየት ከፊት ወደ ፊት ዓይኑን አንከራተተ። የሚይዘው አጣ።

ልጅቷ ግን ካቦውን እያየች አልነበረም። ጥያቄዋን ካቦው ጠይቋል፤ ገጹ ላይ የቀረችው የሴቶቹ መልስ፣ አንዲት መስመር ናት፤ የጻፈቻት እሷ ናትና ሁለቱን ቃላት ታውቃቸዋለች። አባቷ መስመሯን በጣቱ ነካት፣ ሰፊዎቹን አየ፣ ወረቀቱን አጠፈው። ተነቧል።